የቫን የኋላ በር ላይ የሚሰቀል የስኮርታ ጎማ መያዣ፦ ከ11 ወር በኋላ

ይህን የስኮርታ፣ ማለትም የመጠባበቂያ ጎማ መያዣ ከገዛሁት 11 ወር ሆነኝ። ቫኑ በእነዚህ ወራት ከ16,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዷል፣ ግማሹ ኮረኮንች ነው። ስለዚህ የምጽፈው የመጀመሪያውን ሳምንት ደስታ ሳይሆን በጭቃም በአቧራም የታየውን ነው።

ፍርዴን ከፊት ልናገር። እቃው ጥሩ ነው፣ ዛሬም ልግዛ ብል ይህንኑ ነው የምገዛው። ጥሩ ያደረገው ግን የብረቱ ውፍረት ወይም የቀለሙ ማማር አይደለም፤ ክብደቱን የበሩ ማጠፊያ ላይ ስለሚያሳርፈው ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን ሌላ ምንም ባትጠይቁት ይህንን ጠይቁት፦ ጎማው ሲሰቀል ክብደቱ የሚያርፈው የት ነው?

መጀመሪያ ጎማውን ከሥር ለምን እንዳወጣሁት ልንገራችሁ። አብዛኛው ቫን ስኮርታውን የሚይዘው ከኋላ ከሻንሲው ሥር በብረት ገመድ አንጠልጥሎ ነው። ቦታ አይወስድም፣ አይታይም፣ እስከዚያ ድረስ ደህና ነው። ችግሩ የመንገዱ ውሃና ጭቃ ሁሉ የሚረጨው እዚያው ላይ መሆኑ ነው። አንድ ሌሊት ዝናብ እየዘነበ የኋላ ጎማ ተነፈሰብኝ፤ ገመዱን የሚያወርደውን እጀታ፣ ማኖቬላውን፣ ከትቼ ባዞር ባዞር ገመዱ ንቅንቅ አላለም፣ ዝጎ ተጣብቋል። ጭቃ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ በብረት መጋዝ ቆርጬ ነው ጎማውን ያወጣሁት። ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። ጎማውን ሳወጣው ደግሞ ንፋሱ ግማሽ ነበር፣ ምክንያቱም እዚያ ሥር ገብቶ ንፋስ የሚለካ ሰው የለም፣ እኔም አልለካሁም ነበር።

ከዚያ በኋላ ወደ በሩ ላዞረው ወሰንኩ። ግን የመጀመሪያው ሙከራዬ ይህ መያዣ አልነበረም። መጀመሪያ የገዛሁት የበሩ ላሜራ ተበስቶ በአራት ቡሎን የሚታሰረውን ዓይነት ነው፤ ርካሽ ነው፣ ለመግጠምም ቀላል ነው፣ ትራፓኖ ካላችሁ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። ከቡሎኖቹ ጋር የመጡት ሮንዴላዎች፣ ከቡሎኑ ሥር የሚገቡት ክብ ብረቶች፣ ከሳንቲም ብዙም አይበልጡም ነበር። በአምስተኛው ወር መኪናውን ሳጥብ ከአንዱ ቡሎን ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ወደ ውጭ ተዘርግተው አየሁ። የውስጡን ሽፋን ስፈታው ሌሎቹም ጀምሯቸዋል፣ ውሃ ገብቶ ከታች ዝገት ይዟል።

ነገሩ ግልጽ ነው። የበር ላሜራ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጎማው ሲቆም 28 ኪሎ ነው እንበል፤ ጉድጓድ በመታችሁ ቁጥር ግን በሩን የሚጎትተው ጉልበት ከዚያ እጥፍና ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ቀጭን ላሜራ በየጉድጓዱ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሲተጣጠፍ ይደክማል፣ ሽቦን ደጋግማችሁ ስታጥፉት እንደሚበጠሰው ማለት ነው። መብሳት ግድ ከሆነባችሁ ቢያንስ ከውስጥ በኩል ሰፊና ወፍራም የብረት ሳህን ይግባበት፣ ቢቻል ሳህኑ የበሩን የውስጥ አጥንት የሚነካ ይሁን፤ የተበሳው ጠርዝም ፀረ ዝገት ቀለም ተቀብቶ ሲሊኮን ይደረግበት። ከዚህ ያነሰ ነገር በሩን ያበላሸዋል፣ የእኔን አበላሽቶታል።

አሁን ወዳለኝ ልመለስ። ይሄኛው የሚታሰረው በበሩ ማጠፊያ ቡሎኖች ነው። የፋብሪካዎቹን ቡሎኖች አውጥታችሁ አብረው በመጡት ረጃጅም ቡሎኖች ትተኳቸዋላችሁ፣ የመያዣው ክንድ ከማጠፊያው ጋር አብሮ ይታሰራል። በበሩ መሃል ደግሞ በወፍራም ላስቲክ ይደገፋል፣ አንድም ቀዳዳ አይበሳም። ማጠፊያው ድሮም ሙሉ በሩን እንዲሸከም የተሠራ ነው፣ ከሻንሲው ጋር የተያያዘውን የመኪናውን ወፍራም አጥንት የያዘውም እሱ ነው። ክብደቱ ወደዚያ ሲሄድ ላሜራው ያርፋል።

ስትገጥሙ አንድ ጥንቃቄ አለ፣ መመሪያው ላይ በደንብ አልተጻፈም። ቡሎኖቹን በአንዴ አትፍቱ። አንዱን ፍቱ፣ ረጅሙን አስገቡ፣ ጠበቅ አድርጉ፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው እለፉ። ሁሉንም ካወጣችሁ በሩ ከቦታው ይንሸራተታል፣ መልሶ ማስተካከል ደግሞ የቀን ሥራ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት የማጠፊያውን ዙሪያ በማርከር አስምሩበት፣ በበሩና በአካሉ መካከል ያለውን ክፍተትም ከላይና ከታች ለክታችሁ ጻፉት። እኔ ለክቼ ስለነበር ነው ጎማው ከተሰቀለ በኋላ በሩ 3 ሚሊ ሜትር መውረዱን ያወቅኩት። ያን ጊዜ በሩ ሲዘጋ መቆለፊያው ይመታ ነበር፤ በአካሉ በኩል ያለውን የመቆለፊያ መያዣ ትንሽ ዝቅ ሳደርገው ተስተካከለ። ከዚያ ወዲህ አልወረደም፣ በየወሩ እለካዋለሁ። የድሮ መኪና ሆኖ ማጠፊያው ከወዲሁ ከላላ ግን ጎማ አትስቀሉበት፣ መጀመሪያ ማጠፊያው ይታደስ። ይህንን ለማወቅ በሩን ከፍታችሁ ጫፉን ይዛችሁ ወደ ላይ አንሡት፤ ሲንቀሳቀስ ከተሰማችሁ ልል ነው።

የትኛው በር ላይ? ሁለት በር ያለው ቫን አንዱ ቀድሞ ይከፈታል፣ ሁለተኛው የሚከፈተው ከሱ በኋላ ነው። እኔ ሁለተኛው ላይ ነው የሰቀልኩት። ቀን በቀን የምከፍተው በር ቀላል ሆኖ ቀረልኝ፣ ሰፊ እቃ ካልጫንኩ ጎማ ያለበትን አልነካውም። ሰው ይህን ሳያስብ ታርጋው በሌለበት በር ላይ ብቻ ይሰቅላል፣ ከዚያ በየቀኑ ከባድ በር ሲገፋ ይውላል። ታርጋውና መብራቱ እንዳይሸፈኑ ማየት ግን ግዴታ ነው፣ ካሜራ ካላችሁም ጎማው እንዳይከልለው አስቀድማችሁ በካርቶን ክብ ቆርጣችሁ በሩ ላይ ለጥፋችሁ ሞክሩት።

ወደ ላይ የሚነሳ አንድ ሰፊ በር ላላችሁ፣ ብዙዎቹ ሃይኤስ እንደዚያ ናቸው፣ ይህ እቃ ለእናንተ አይደለም። በሩን የሚያነሱት የጋዝ ዘንጎች የተመጠኑት ለበሩ ክብደት ነው፤ 30 ኪሎ ሲጨመርበት በሩ አናታችሁ ላይ ይወርዳል።

ክብደቱን በደንብ አስቡት። የእኔ ጎማ ከነቸርኬው 28 ኪሎ ነው፣ ሚዛን ላይ አውጥቼዋለሁ። መያዣው ራሱ 9 ኪሎ ነው። አምራቹ ለጎማው የፈቀደው እስከ 35 ኪሎ ነው። ሰባት ኪሎ ተረፈ ብላችሁ ጎኑ ላይ ጀሪካን አታንጠልጥሉ፤ 20 ሊትር ናፍጣ ብቻውን 17 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ትልልቅ የገጠር ጎማ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ በር የሚባለውን ነገር እርሱት። ለሱ ከፓራውልቱ ጀርባ ከሻንሲው ጋር የሚታሰረውና በራሱ ክንድ የሚዞረው ዓይነት ነው የሚሻለው። ውድ ነው፣ በሩን ለመክፈት ሁልጊዜ መጀመሪያ ክንዱን ማዞር አለባችሁ፣ ግን በሩ ምንም አይሸከምም።

ያልወደድኩትን ልናገር። አንደኛ ከፍታው። የጎማው መሃል ደረቴ ጋ ነው የሚደርሰው፣ 28 ኪሎ አንሥቶ ሦስቱን ቡሎን በቀዳዳዎቹ ውስጥ ማስገባት ለብቻ ከባድ ነው። እኔ ጉልበቴ ላይ አሳርፌ ነው የማነሣው። ወገቡን የሚያመው ወይም በዕድሜ የገፋ ሰው ለብቻው ባይሞክረው እመርጣለሁ። መያዣው ወደ ታች በ10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ የሚልበት ሌላ ቀዳዳ ቢኖረው ይህ ሁሉ ይቀል ነበር።

ሁለተኛ ድምፅ። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ኮረኮንች ላይ ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመረ። አብረው የመጡት ዳዶዎች ተራ ዳዶዎች ናቸው፤ ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ በመፍቻ ስፈትሻቸው ሁለቱ ሩብ ዙር ያህል ላልተው ነበር። ውስጣቸው ፕላስቲክ ቀለበት ያላቸውን፣ በንዝረት የማይላሉትን ገዝቼ ቀየርኳቸው፣ በቸርኬውና በመያዣው መካከልም ስስ ላስቲክ አስገባሁ። ድምፁ ጠፋ። ይህንን አምራቹ ራሱ ማድረግ ነበረበት፣ የአንድ ዳዶ ልዩነት እኮ ምንም አይደለም።

ሦስተኛ፣ በሩን የሚደግፈው ላስቲክ ሥር አቧራ ይገባና ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል። ከመግጠማችሁ በፊት እዚያ ቦታ ላይ ወፍራም ግልጽ ስቲከር ለጥፉበት። እኔ ዘግይቼ ነው የለጠፍኩት፣ የእጅ መዳፍ የምታህል ቦታ ደብዝዛ ቀርታለች።

ጎማው ለመሰረቅ ምቹ ነው፣ ስለዚህ አንዱ ዳዶ በልዩ ቁልፍ የሚፈታ ይሁን። ቁልፉ ከፊት የዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ይቀመጥ፣ ከክሪኩ ጋር ከሌላው እቃ ሥር አይቀበር።

ስትነዱ የሚቀየረው ብዙ አይደለም። ጎማው ድሮም ከኋላ አክሰል ወዲያ ስለነበር በአነዳዱ ላይ ልዩነት አልተሰማኝም። ወደ ኋላ ስታቆሙ ግን ተጠንቀቁ፦ የፓርኪንግ ሴንሰሩ የሚለካው ከፓራውልቱ ነው፣ ጎማው ደግሞ በእኔ መኪና ከፓራውልቱ 18 ሳንቲ ሜትር አልፎ ይወጣል። ሴንሰሩ 30 ቀርቶሃል ሲል የቀረው 12 ነው። የመኪናዋን አፍንጫ ቁልቁል አድርጋችሁ ካቆማችሁም በሩን እስከ ግማሽ ብቻ ከፍታችሁ አትልቀቁት፣ ከጎማው ክብደት ጋር ተመልሶ ይመጣና ይመታችኋል። እስከ መጨረሻው ገፍታችሁ የበሩ ማቆሚያ ሲይዘው ነው የምትለቁት። በሩ እስከ ጎን ድረስ ዞሮ ይለጠፍ የነበረ ከሆነም ያ አብቅቷል፣ ጎማው ቀድሞ አካሉን ይነካል።

ጎማውን ስትሰቅሉ ነፊያው ወደ ውጭ ይሁን። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ለእኔ ግን ከሥር ያወጣሁበት ግማሹ ምክንያት ነው፤ አሁን ቆሜ በአንድ ደቂቃ ንፋሱን እለካለሁ። የምሞላውም መኪናው ተጭኖ የኋላ ጎማ በሚፈልገው ልክ ነው፣ መንገድ ላይ ንፋስ መቀነስ ይቻላል፣ መጨመር ግን አይቻልም። በር ላይ ያለ ጎማ ፀሐይ ይመታዋል፣ ስለዚህ ከታች ውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ ያለው ልባስ አድርጉለት። ዕድሜውንም ጎኑ ላይ ከተጻፉት የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ታነባላችሁ፦ 2319 ከሆነ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፣ ቁጥሩ የሚቆጠረው በፈረንጅ ነው። የእኔ ስኮርታ ብዙም መሬት ሳይነካ አርጅቶ ያገኘሁት ይህንን ቁጥር ሳነብ ነው፣ ቀየርኩት።

ባለፈው ወር እንደገና ጎማ ተነፈሰብኝ፣ እንደገና ሌሊት፣ እንደገና ዝናብ። ዳዶዎቹን ፈታሁ፣ ጎማውን ጉልበቴ ላይ ተቀብዬ አወረድኩ፣ ክሪኩን ጨምሮ ሥራው በ25 ደቂቃ አለቀ። የተነፈሰውን መልሼ ስሰቅለው ነው ያ ከፍታ እንደገና ያማረረኝ። ከአምስት አራት ሰጥቼዋለሁ፣ አንዱን የቀነስኩት ለከፍታውና ለዳዶዎቹ ነው።