ጅማ ላይ ለቤት ኢንተርኔት የቱ ይሻላል፦ ፋይበር፣ የድሮው የስልክ መስመር፣ ፎርጂ ራውተር ወይስ የኪስ ዋይፋይ?

ጅማ ኪቶ ጋር ተከራይቶ የሚማር የአክስቴ ልጅ በቀደም ደውሎ "ወንድሜ መርካቶ ነኝ፣ ራውተር ልገዛ ብር ይዣለሁ፣ የቱን ልያዝ?" አለኝ። ቆይ ገና አትግዛ አልኩትና ሶስት ነገር ጠየቅኩት። ቤቱ ላይ ቢያንስ አመት ትቆያለህ ወይ፣ ስንት ሰው ነው ሚጠቀመው፣ ግድግዳውስ ከምንድነው የተሰራው? በሶስተኛው ገርሞት "ግድግዳና ኢንተርኔት ምን አገናኘው" አለ። በጣም ነው ሚያገናኘው፣ ወደታች እመጣበታለሁ። ግን ዋናው ነገር እሱ ነው፣ ብዙ ሰው ራውተር የሚመርጠው ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ፍጥነት አይቶ ነው፣ መምረጥ የነበረበት ግን ቤቱን አይቶ ነው።

እኛ ጋር አሁን ያለው ምርጫ በግምት አራት ነው። ፋይበር፣ በድሮው የስልክ ሽቦ የሚመጣው፣ ሲም የሚገባበት ፎርጂ ራውተር፣ እና ትንሿ ባትሪ ያላት የኪስ ዋይፋይ (የስልክ ሆትስፖትንም እዚሁ ቁጠሩት)። በሽቦ ወደ ቤት የሚገባውን ብዙ ሰው የሚያስገባው ከቴሌ ነው፣ በሲም ለሚሰራው ደግሞ ሳፋሪኮም በ2022 በፈረንጆች አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ አገራችን ላይ ሁለት ኦፕሬተር ማወዳደር ተችሏል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ምክንያቱም የአንዱ ታወር ቤታችሁ ጋር ደካማ ሆኖ የሌላው ሊጠነክር ይችላል።

የስልክ መስመሩን ቶሎ ልጨርሰው። እሱ በመዳብ ሽቦ ነው የሚመጣው፣ መዳብ ደግሞ ርቀት አይወድም፣ ከቴሌ ጣቢያው በራቃችሁ ቁጥር ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ኤ ዲ ኤስ ኤል የሚባለው ቴክኖሎጂ በጣም ቢደላው እንኳን በሰከንድ ከ24 ሜጋ ቢት አያልፍም፣ ሶስት አራት ኪሎ ሜትር ከራቃችሁ የዚያን ሩቡን ካገኛችሁም ጥሩ ነው። ሌላው መብረቅ ነው። ጅማ ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም ጥቅምት የማይለቅ አገር ነው፣ ነጎድጓዱንም ታውቁታላችሁ፣ እና መዳብ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ መብረቁ በስልኩ ሽቦ ገብቶ ሞደሙን ያቃጥለዋል። የኛ ቤት ሞደም እንደዛ ነው የሄደው፣ ከሶኬት ነቅለነው ነበር ግን የስልኩን ሽቦ ከጀርባው አልነቀልንም። አሁን መስመሩ ያላችሁ ሰዎች ሰማዩ ሲጠቁር ሁለቱንም ንቀሉ። አዲስ ለምታስገቡ ግን ፋይበር ሰፈራችሁ ደርሶ ከሆነ መዳብ ውስጥ መግባት አያስፈልግም።

ስለዚ እውነተኛው ፉክክር በፋይበርና በፎርጂ ራውተር መሀል ነው።

ፋይበር ማለት እንደ ፀጉር የቀጠነ መስታወት ነው፣ በውስጡ የሚሄደው ብርሃን ነው፣ ኤሌክትሪክ አይደለም። እና ፖል ላይ ያለችው ማከፋፈያ ሳጥን መብራት አትፈልግም፣ ከጣቢያው እስከ ቤታችሁ መሀል ላይ መብራት የሚፈልግ ነገር የለም (ጣቢያው የራሱ ባክአፕ አለው)፣ ስለዚ ሰፈሩ በሙሉ ጨለማ ሆኖ እናንተ ቤት ውስጥ ያለውን የፋይበር ሳጥን (ከገመዱ ተቀብሎ ለቤቱ የሚያድለውን) በባትሪ ካስነሳችሁት ኢንተርኔቱ ብዙ ጊዜ ይሰራል። ይሄን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ኢንተርኔትም አብሮ ይጠፋል ብሎ ቁጭ ይላል። የፎርጂ ታወርም ባትሪና ጄኔሬተር አለው ግን መብራቱ ረጅም ሰዓት ሲጠፋ የአንዳንዱ ታወር ባትሪ ያልቃል፣ ደግሞ ዋይፋዩ የጠፋበት የሰፈር ሰው በሙሉ በስልኩ ወደዛው ታወር ስለሚገባ ይጨናነቃል።

ክፍያውም አይነቱ ይለያያል። ፋይበር የሚሸጠው በፍጥነት ነው፣ በወር ይህን ያህል ሜጋ ትላላችሁ፣ ከዛ የፈለጋችሁትን ያህል ብታወርዱ ማንም አይቆጥርባችሁም። ፎርጂ ብዙውን ጊዜ በጊጋ ነው። እስቲ የአክስቴን ልጅ ቤት እናስላው፣ አራት ተማሪዎች ናቸው፣ እያንዳንዱ በቀን ሁለት ሰዓት ቪድዮ በመካከለኛ ጥራት ቢያይ በሰዓት ግማሽ ጊጋ አካባቢ ይበላል፣ ማለትም በሰው አንድ ጊጋ፣ ለአራት አራት፣ በወር 120 ጊጋ፣ ላፕቶፕ በራሱ ጊዜ የሚያወርደው አፕዴት ሳይቆጠር። አሁን 120 ጊጋ የሚሆን ፓኬጅ ዋጋና የፋይበር የወር ክፍያ ጎን ለጎን አስቀምጡና እዩት፣ በሄዳችሁበት ቀን ያለውን ዋጋ ጠይቁ ታሪፍ ይቀያየራልና። ብቻውን ለሚኖርና ማታ ማታ ቴሌግራም ለሚያይ ሰው ግን ሂሳቡ ይገለበጣል፣ ለሱ ፋይበር ማስገባት በየወሩ ያልተጠቀመበትን መክፈል ነው።

አንድ የሚያደናግር ነገር አለ፣ ሜጋ ቢትና ሜጋ ባይት። 10 ሜጋ ገዝቼ ፋይል ሳወርድ 1 ሜጋ ምናምን ነው የሚያሳየኝ ብለው የሚናደዱ ሰዎች አውቃለሁ። የሚሸጥላችሁ በቢት ነው፣ ስልኩና ኮምፒውተሩ የሚያሳያችሁ በባይት ነው፣ ለ8 አካፍሉት፣ 10 ሜጋ ቢት በሰከንድ 1.25 ሜጋ ባይት ነው። ማንም አልሰረቃችሁም።

ለተከራይ ሌላ ጣጣ አለ። ፋይበር ሲገባ ግድግዳ ይበሳል። ጊንጆ የነበርኩበት ቤት ባለቤቷ ሴትዮ በጣም ደግ እናት ናቸው ግን ቴክኒሻኑ መሰርሰሪያውን ሲያወጣ "ልጄ፣ ግድግዳዬን አታስበሳው፣ አንተ ትሄዳለህ ቀዳዳው ከኔ ጋር ይቀራል" አሉኝ። ልክ ናቸው። በመስኮቱ ፍሬም ጥግ አስገባነው፣ ግን ያኔ ደግሞ ሳጥኑ የቤቱ አንድ ጥግ ላይ ቀረ፣ ዋይፋዩ ጓዳ አይደርስም። ስለዚ ቴክኒሻን ሳትጠሩ በፊት አከራያችሁን አናግሩ፣ ፋይበሩ የሚወጣበትንም ቦታ ቀድማችሁ ምረጡ፣ ሰውዬው የሚቀርበውን ቦታ እንጂ ለናንተ የሚሻለውን ቦታ አይመርጥላችሁም፣ አይፈረድበትም ቤቱን አያውቀውም። ቤት ስትቀይሩም ፎርጂውን በፌስታል ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ የፋይበሩ ግን ማመልከቻና መጠበቅ አለው፣ አዲሱ ሰፈር መስመር ከሌለም በቃ።

አሁን ግድግዳው። ጅማ ላይ የብሎኬት ቤት አለ፣ የጭቃ ቤት አለ፣ ግቢ ውስጥ ደግሞ በቆርቆሮ የተሰራ ኩሽናና ሰርቪስ አለ። ዋይፋይ በደረቅ ጭቃና በእንጨት በደንብ ያልፋል፣ ብሎኬት ይቀንሰዋል፣ ቆርቆሮ ግን ይመልሰዋል፣ ብረት ስለሆነ እንደ መስታወት ነው የሚያንፀባርቀው። ትልቁ ቤት ራውተር አስቀምጣችሁ በቆርቆሮ የታጠረ ሰርቪስ ውስጥ ያለው ልጅ "ዋይፋዩ አይሰራም" ቢል የራውተሩ ጥፋት አይደለም፣ በሩን ሲከፍት ከሰራ ምክንያቱን አገኛችሁት። ውሃም ሲግናል ይውጣል፣ ስለዚ ከሮቶና ከፍሪጅ ጀርባ አታስቀምጡ። ቲቪ ስር መሳቢያ ውስጥ የሚደብቁትም አሉ እባካችሁ አውጡት፣ ከፍ ያለ ቦታ፣ ከቤቱ መሀል፣ ከሰው ጭንቅላት በላይ ቢሆን ይመረጣል።

ስትገዙ ባለ ሁለት ባንድ ግዙ፣ ማለትም በ2.4ም በ5 ጊጋኸርትዝም ዋይፋይ የሚያወጣ። 2.4 ጊጋኸርትዝ ሩቅ ይሄዳል ግድግዳም ያልፋል ግን ቀርፋፋ ነው የጎረቤቱም ሁሉ እዛው ነው፣ 5 ጊጋኸርትዝ ፈጣን ነው ግን ሁለት ግድግዳ ካለፈ ይደክማል። ቲቪውንና ላፕቶፑን 5 ላይ፣ ሰርቪስ ያለውን ስልክ 2.4 ላይ አድርጉ። 2.4 ላይ ደግሞ ቻናል 1፣ 6 ወይም 11ን ብቻ ምረጡ፣ እርስ በርስ የማይነካኩት ሶስቱ ናቸው፣ ኪራይ ቤት በበዛበት ሰፈር ይሄ ብቻውን ልዩነት ያመጣል። 2.4 ብቻ የሚሰራውን ርካሹን ራውተር 100 ሜጋ ፋይበር ላይ መሰካት ግን ሰፊ ቧንቧ ጫፍ ላይ ቀጭን ጎማ እንደ መግጠም ነው።

ፎርጂ ራውተር ላይ ግን ቦታው ሌላ ህግ አለው፣ ምክንያቱም እሱ ሁለት ስራ ነው የሚሰራው፣ ከታወር ይቀበላል ለቤቱ ያድላል። ከታወር ካልተቀበለ የሚያድለው የለም። ስለዚ ከቤቱ መሀል ሳይሆን መስኮት ጋር ነው። ጅማ ደግሞ ጎድጎድ ያለ ቦታ ነው፣ ዙሪያው ኮረብታ፣ በአዌቱ ወንዝ ዳር ታች ያለ ቤትና ወደ ጅሬን ከፍ ያለ ቤት አንድ አይነት ሲግናል አያገኝም። የራውተሩ ገጽ ውስጥ ገብታችሁ (አገባቡን ወደታች እመጣበታለሁ) አር ኤስ አር ፒ የሚል ቁጥር ፈልጉ፣ ከታወሩ የሚደርሳችሁ ሲግናል ጥንካሬ ነው፣ በኔጌቲቭ ነው የሚጻፈው፣ ወደ -80 ከሆነ በጣም አሪፍ፣ -95 ይሰራል፣ -110 ከደረሰ ግን ሌላ መስኮት ሞክሩ። ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ የዛን ኦፕሬተር ሲም ስልካችሁ ውስጥ አስገቡና እቤታችሁ ውስጥ ማታ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ሞክሩት። ቀን 5 ሰዓት ላይ ሞክሮ መግዛት አይጠቅምም፣ ቀን ላይ ታወሩ ባዶ ነው፣ ማታ ሁሉም ቤቱ ሲገባ የሚቀረው ነው የናንተ ፍጥነት። አንድ ቀን አይበቃም፣ ሶስት ማታ ሞክሩ።

ያገለገለ ለምትገዙ፦ በአንድ ኦፕሬተር የተቆለፈ ራውተር የሌላውን ሲም አይቀበልም፣ እዛው ሱቁ ውስጥ የራሳችሁን ሲም አስገብታችሁ ገጽ እስኪከፍት ሳታዩ ብር አትስጡ። የፋይበር ሳጥን ደግሞ ከገበያ ገዝቶ መሰካት ብቻ አይሰራም፣ መለያ ቁጥሩ አገልግሎት ሰጪው ጋር መመዝገብ አለበት። የድሮው የስልክ መስመር ሞደምም ፋይበር አይቀበልም፣ መሰኪያው ራሱ ሌላ ነው።

የማስጀመሩ ነገር ብዙ አያስፈራም። ከጀርባው ያለውን ወረቀት መጀመሪያ በስልክ ፎቶ አንሱት፣ የዋይፋዩ ስምና ፓስዎርድ፣ ብሮውዘር ላይ የሚጻፈው መግቢያ ቁጥሩም እዛ አለ፣ አብዛኛው 192.168.1.1 ነው፣ ብዙ የሁዋዌ ፎርጂ ራውተሮች 192.168.8.1 ናቸው። ገብታችሁ ሁለት ፓስዎርድ ቀይሩ፣ የዋይፋዩን እና የመግቢያውን፣ ብዙ ሰው ሁለተኛውን ይረሳዋል። ሴኪዩሪቲው ደብሊው ፒ ኤ 2 ወይም 3 ይሁን፣ ደብሊው ፒ ኤስ የሚለውን (ፓስዎርድ ሳይጻፍ የሚያገናኘውን) አጥፉት። ለእንግዳና ለጎረቤት የእንግዳ ኔትወርክ ክፈቱ፣ ቡና ሊጠጣ የመጣ ሰው ፓስዎርድ ሲጠይቅ እምቢ ማለት ነውር ነው፣ ይሄኛው ግን የቤታችሁን ሳያጋልጥ ያስተናግዳል። ፋይበር ላይ የመርፌ ቀዳዳዋን ሪሴት እንዳትነኩ፣ ቴክኒሻኑ የሞላው ዩዘርና ፓስዎርድ ሊጠፋና ኢንተርኔቱ ጭራሽ ሊቆም ይችላል። ኤል ኦ ኤስ የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ ችግሩ ሴቲንግ አይደለም፣ ብርሃኑ አልደረሰም ማለት ነው፣ ገመዱ የሆነ ቦታ በጣም ታጥፎ ወይም ተቆርጦ ነው፣ ሶፋ ስር ተጨፍልቆ እንዳይሆን እዩ፣ ካልሆነ መደወል ነው።

ለመብራት መጥፋቱ ትንሿን ባለ 12 ቮልት ዩፒኤስ ግዙ፣ ግን የራውተሩ ቻርጀር ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፒር ከዩፒኤሱ ጋር አስተያዩ። ሻጮች 8800 ሚሊ አምፒር ሰዓት ነው ሲሏችሁ ቁጥሩ በ3.7 ቮልት ነው የሚታሰበው፣ ወደ 32 ዋት ሰዓት ማለት ነው፣ 8 ዋት ለሚበላ ራውተር ከብክነቱ ጋር ሶስት ሰዓት ገደማ ይይዛል። ቀኑን ሙሉ ይሰራል ካሏችሁ አትመኑ። የኪስ ዋይፋይ እዚህ ላይ ያሸንፋል፣ የራሷ ባትሪ አላት፣ በየገጠሩ ቡና የሚሰበስብ ነጋዴም ኪሱ ከቶ ይሄዳል፣ ለአምስት ሰው ቤት ግን አትበቃም፣ ትሞቃለች፣ ሩቅም አትደርስም።

የአክስቴ ልጅ ሶስት ማታ በሁለት ሲም ሞከረ። ሰኔ ላይ ቤት ስለሚለቅ ፋይበሩን ተወው፣ ፎርጂ ራውተር ገዛ፣ መጀመሪያ አልጋው ስር አስቀምጦት -108 ነበር፣ የጓደኛው ክፍል መስኮት ላይ ሲያደርገው -91 መጣ። ጓደኛው በምሽት መብራቱ ብልጭ ድርግም ይልብኛል ስላለ ትንሿን መብራት በጥቁር ፕላስተር ሸፍነውለታል።