ቀለሃ፣ ቆረቆንዳ እና ሁለት ታምብለር፤ ከ14 ወር በኋላ

ከናስ ጌጥ እሠራለሁ። ደሴ፣ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ባለች አንድ ክፍል ውስጥ። ቀለበት፣ ጉትቻ፣ አምባር፣ የአንገት መስቀል። ናሱን የማገኘው ከቁራሌው ነው። የተሰበረ የቧንቧ ራስ፣ የበር እጀታ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ባዶ የጥይት ቀለሃ።

ቀለሃ እወዳለሁ። የቀለሃ ናስ በደንቡ 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ ነው። ቢመቱት ይታዘዛል፣ ቢቆርጡት አይፈረካከስም። ግድግዳው ቀጭን ስለሆነ ደህና ሰፊ ቀለሃ ከተገኘ አፉን ቆርጦ ማለስለስ ብቻ ለትንሽ ጣት ቀለበት ይሆናል። እንጦጦ ላይ ሴቶች ቀለሃ እያቀለጡ ዶቃ መሥራት ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል፤ እኔ የፈጠርኩት ነገር የለም።

ስለ ማሽኑ ከማውራቴ በፊት ሁለት ነገር ልበል። ያልተተኮሰ ጥይት አልነካም፣ ማሽን ውስጥም አይገባም፤ የሚመለከተው ፖሊስን ነው። ሁለተኛ፣ ልጆች ከሜዳ ለቅመው ሲያመጡልኝ አልገዛም። ዛሬ ከገዛሁ ነገ ሌላ ሊለቅሙ ይሄዳሉ። ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ በእኛ አካባቢ ሜዳ ላይ የቀረው ሁሉ ባዶ አይደለም።

ወደ ጉዳያችን። የቀለሃ ችግሩ ቆሻሻው ነው። ውጩ ጠቁሮ አረንጓዴ ያበቅላል፣ ውስጡ ጥላሸት ነው። ድሮ የማጸዳው በሎሚ፣ በአመድና በጥርስ ብሩሽ ነበር። አንድ ኪሎ ለማጽዳት ሁለት ቀን ይፈጅብኛል። ጣቶቼ በሎሚ ተላልጠው ማታ እንጀራ በወጥ መቁረስ ያቃጥለኝ ነበር።

አሜሪካ ያለ የአክስቴ ልጅ ይህን ሰምቶ ታምብለር አመጣልኝ። ታምብለር ማለት ዕቃውን ከሚፈገፍግ ነገር ጋር አንድ ላይ ጨምረህ ለሰዓታት የሚያላትምልህ ማሽን ነው። እዚያ አገር ጥይት መልሰው የሚሞሉ አዳኞችና ኢላማ ተኳሾች ቀለሃቸውን የሚያጸዱበት ነው። የመጀመሪያው የእኔ የሚንቀጠቀጠው ዓይነት ነበር። እንደ ትልቅ ሳህን ነው፣ ከሥሩ ዲናሞ አለው፣ በደረቁ ይሠራል።

ካርቶኑን ስከፍት 110 ቮልት ይላል። የእኛ ሶኬት 220 ነው። አብሽር፣ ትራንስፎርመር አለ አልኩና ገዛሁ። ያላወቅኩት፣ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ሄርዙን አይቀይርም። የእነሱ መብራት 60 ሄርዝ ነው፣ የእኛ 50። ስለዚህ ዲናሞው ከታሰበለት ፍጥነት አንድ ስድስተኛ ያህል ቀንሶ ይዞራል፣ ይሞቃልም። በየሁለት ሰዓቱ እያሳረፍኩት ነው እስካሁን የቆየው። ከውጭ ዕቃ የሚያስመጣ ሰው ከሁሉ በፊት ከሥሩ የተለጠፈችውን ጽሑፍ ፎቶ ያስነሳ።

ውስጡ ምን ይጨመር? ባህር ማዶ ሁለት ነገር ይጠቀማሉ። አንዱ ዋልነት የሚባል ፍሬ የተፈጨ ቅርፊት ነው፤ ጠንከር ያለ ስለሆነ የከረመ ጥቁረት ያነሳል። ሌላው የተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ ነው፤ እሱ ቀስ ብሎ ያበራል። ዋልነት እኛ ጋ የለም። ቆረቆንዳ ግን ማንም የሚማግደው ነገር ነው፤ ገንዘብ ማውጣት የለም ብዬ ደስ አለኝ።

ደስታዬ ወፍጮ ቤት በር ላይ አለቀ። ባለ ወፍጮው ጆንያውን ከፍቶ አየና «ይሄ ለከብት ነው ለሰው?» አለኝ። ለናስ ነው ስለው ጆንያውን መልሶ አሰረው። በሙቀጫ ወቀጥኩት። ሦስት ቀን። ቆረቆንዳ መሃሉ እንደ ስፖንጅ ለስላሳ ነው፣ ዙሪያው ግን እንጨት ነው፤ ሥራ የሚሠራው እንጨቱ ነው። መሃሉን ካላወጣህ ዱቄት ብቻ ይሆናል። በሰፌድ አንገዋልዬ፣ በወንፊት ነፍቼ፣ ቅንጬ የሚያህለውን ብቻ አስቀረሁ። መጠኑ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ከተለቀ ቀዳዳ ውስጥ ይቀረቀራል። ፀሐይ ላይ በደንብ መድረቅ አለበት፤ እርጥብ ከሆነ ናሱ ላይ ይለጠፋል።

አንድ ማንኪያ የመኪና ፖሊሽ ጠብ አድርጌበት፣ ናሱ ሳይገባ 15 ደቂቃ ለብቻው አዞርኩት። ይህ እንዳይጓጉል ነው። ከዚያ ቀለሃውን ጨመርኩ። ከአራት ሰዓት በኋላ ያወጣሁት ነገር ዓይን ይወጋል። ውጩ ማለቴ ነው። ውስጡ እንደነበረ ነው፣ ጥቁር። ቂጡ ላይ ያለችው ቀዳዳም በቆረቆንዳ ተደፍናለች። አንድ በአንድ በመርፌ መጎርጎር።

ከዚህ የባሰው አቧራው ነው። በቀለሃው ቂጥ ያለችው እሳት መለኮሻ በአብዛኛው እርሳስ አለባት። እርሳስ ስል ልጆች የሚጽፉበትን አይደለም፣ መርዛማውን ብረት ነው። ሲተኮስ ቅሪቱ ውስጡ ይቀመጣል። በደረቁ ስታንቀጠቅጠው ወደ ቆረቆንዳው ይሄዳል፣ ክዳኑን ስትከፍት ወደ ሳንባህ። እኔ ይህን ከማወቄ በፊት ለሁለት ወር ቤት ውስጥ ነበር የምከፍተው። አሁን ደጅ፣ ማስክ አድርጌ፣ ነፋሱን ከኋላዬ አድርጌ ነው። የሶፍት ቁራጭ አብሮ መጨመር አቧራውን ይይዛል፤ ሶፍቱ ሲወጣ ያለው መልክ ራሱ በቂ ትምህርት ነው።

ሁለተኛውን ማሽን የገዛሁት በዚህ ምክንያት ነው። የሚሽከረከረው ዓይነት፣ ባለ 220 ቮልት፣ ከመርካቶ በነጋዴ በኩል የመጣ። ጎማ የለበሰ በርሜል በሁለት ዘንግ ላይ ተኝቶ ይዞራል። በውሃ ይሠራል። ውስጡ የሚገባው መርፌ የሚያህል የማይዝግ ብረት ነው፤ ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 6.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ። እኔ «ስንጥር» ነው የምላቸው። ያለፉት 14 ወራት በዋናነት የዚህ ማሽን ናቸው።

መጀመሪያ ናሱን በማግኔት እለያለሁ። የክላሽ ቀለሃ ብዙው ብረት ነው፣ ላዩን ብቻ ቫርኒሽ ወይም መዳብ የተቀባ። ማግኔት ከያዘው ወደ ቁራሌው ይመለሳል። የድሮ የምንሽርና የውጅግራ ቀለሃ ከተገኘ ግን ናስ ነው፣ ያውም ወፍራም። ከዚያ 2 ኪሎ ስንጥር፣ 1 ኪሎ ናስ፣ ናሱን አልብሶ ትንሽ የሚተርፍ ውሃ፣ አንድ ክዳን ላርጎ፣ እና በሻይ ማንኪያ ሩብ የሎሚ አሲድ ዱቄት። በርሜሉ እስከ አፉ መሞላት የለበትም፤ መገላበጫ ይፈልጋል። ሦስት ሰዓት።

ሲወጣ ውሃው እንደ ቀለም ጥቁር ነው። ናሱ ግን ከውስጥም ከውጭም አዲስ። የመጀመሪያ ቀን አንዱን ወደ ብርሃን አቅንቼ በቂጡ ቀዳዳ የቶሳን ተራራ አየሁ። አቧራ ብሎ ነገር የለም።

አሲዱን ግን ማብዛት አይገባም። እኔ አብዝቼ አይቻለሁ። በሁለተኛው ወር ሩብ ማንኪያው ይህን ከሠራ ሁለት ማንኪያው ምን ሊሠራ ነው ብዬ ጨመርኩና ሌሊቱን አሳደርኩት። ጠዋት ናሱ እንደ ሕፃን ጉንጭ ሮዝ ሆኖ ጠበቀኝ። አሲዱ ዚንኩን በልቶ መዳቡን ላዩ ላይ ትቶታል። ግማሹን በብርጭቆ ወረቀት አዳንኩ፣ ግማሹን አቀለጥኩት።

መብራትም ያው ነው። የሚንቀጠቀጠው መሃል ላይ መብራት ቢጠፋበት ምንም አይሆንም፣ ተኝቶ ይጠብቃል። የሚሽከረከረው ግን ናሱ አሲድ ውሃ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፤ ከቆየ ይዥጎረጎራል። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ወይ አውጥቼ አለቀልቃለሁ፣ ወይ የተከደነውን በርሜል ግቢ ውስጥ በእግሬ አንከባልላለሁ። ጎረቤቶች መጀመሪያ አካባቢ ቆመው ያዩኝ ነበር። አሁን ለምደውታል፣ «መብራት ሄደ እንዴ?» ብለው የሚጠይቁት እኔን አይተው ነው።

አሞኒያ ያለበት ማጽጃም አይነካም። ሽታው አፍንጫ የሚሰነጥቅ የናስና የመስታወት ማጽጃ አለ፣ እሱን ማለቴ ነው። ቀለሃ ሲሠራ ተጨምቆ ስለሆነ ውስጡ ውጥረት አለ፤ አሞኒያ ሲያገኘው ይሰነጠቃል። በቅኝ ግዛት ዘመን ሕንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር ጥይቱን ፈረስ ጋጣ አስቀምጦ በዝናቡ ወራት ቀለሃው እየተሰነጠቀ ተቸግሮ ነበር። ጥፋተኛው ከፈረሱ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ የናስ ጆንያዬን ከበጎቹ ጎን አነሳሁ።

ስንጥሮቹ ራሳቸው ፈተና ናቸው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ጠባብ አንገት ውስጥ ከገቡ በጉጠት ካልሆነ አይወጡም። በሰፊ ሳፋ ውሃ ውስጥ ቀለሃውን አፉን ወደ ታች አድርጎ ማራገፍ ነው የሚሻለው፤ አየር ላይ ካራገፍክ ውሃው ራሱ ይዟቸው ይቀራል። የቀረውን ማግኔት ይለቅማል። ያም ሆኖ ምንጣፍ ላይ አሉ፣ ካልሲ ውስጥ አሉ። አንድ ቀን ኮምቦልቻ ለመውረድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ የሐረጎን ቁልቁለት እስክንጨርስ እግሬን የወጋኝ ነገር ጫማዬ ውስጥ የነበረ ስንጥር ነው።

ማድረቅ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሐምሌ ላይ ጭጋጉ መስኮት ገፍቶ ይገባል። ያጠብኩት ናስ ሁለት ቀን እርጥብ ሆኖ ይጠቁራል። አንዴ ብልህ ነኝ ብዬ በባለቤቴ ምጣድ ላይ አሰጣሁት። የተነገረኝን እዚህ አልጽፈውም። ልክ ነበረች፤ እርሳስ የነካው ነገር ከማድቤት ዕቃ ጋር አይገናኝም። አሁን መፍትሔው ሰጋቱራ ነው። ከአናጺ ቤት የወሰድኩትን ጥሩ ሰጋቱራ ለብቻው በተመደበ አሮጌ ብረት ድስት ሞቅ አድርጌ ናሱን እቀብርበታለሁ። ሰፈራችን ያሉ ሽማግሌ አንጥረኛ፣ አያ የምንላቸው፣ ይህን ሲያዩ ሳቁ። እሳቸው ብሩን እንደዚያ ሲያደርቁ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል። መጀመሪያውኑ እሳቸውን መጠየቅ ነበረብኝ።

ጥቁሩን ውሃ ቦይ ውስጥ አልደፋም። ባልዲ ውስጥ ይረጋል፣ ዝቃጩ በክዳን ይታሸጋል። ጓሮ ጎመን ላይማ በፍጹም።

ብልሽት? ቺንጋው በሦስተኛው ወር ተበጠሰ። በስፌት መኪና ቺንጋ ተካሁት፣ ከመጀመሪያው ይሻላል። የክዳኑ ጓርኒሲዮን በስድስተኛው ወር ማንጠባጠብ ጀመረ፤ ከመኪና ከመነዳሪ ቆርጬ ሠራሁለት። ኩሽኔታው በዘጠነኛው ወር መጮህ ጀመረ፣ ኮምቦልቻ ወርጄ አገኘሁ። ዲናሞው ደህና ነው። ስንጥሮቹ አላለቁም፣ አልዛጉም። ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ተረት ይሆናል።

አንድ ብቻ ግዛ ብትሉኝ የሚሽከረከረውን ነው። ገንዘብ ካጠረ ደግሞ ከማሽኑ ላይ ቀንሳችሁ ስንጥሩ ላይ ጨምሩ። በርሜልና ዲናሞ ደህና ብየዳ ቤት ያገጣጥመዋል፣ ትክክለኛ ስንጥር ግን የሚሠራ የለም። የተቆረጠ ምስማር ሞክሬያለሁ፤ ዛገ፣ ናሱንም ጫረው። ሩዝም ሞክሬያለሁ። ይሠራል፣ ግን እየተሰባበረ ቀዳዳ ይደፍናል፣ ደግሞም በዚህ ኑሮ ሩዝ ማሽን ውስጥ ስጨምር እናቴ ብታየኝ አላውቅም። የሚንቀጠቀጠውን አልሸጥኩትም። በውሃ የጸዳውን ለመጨረሻ ማብራት አንድ ሰዓት ቆረቆንዳ ውስጥ አስገባዋለሁ። ያን ጊዜ አቧራውም ያን ያህል አይደለም፣ ቆሻሻው በውሃ ሄዷል።

ሽያጩ ላይ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ እወርዳለሁ። በሁለቱም ማሽን ያለፈ አምባር ዘርግቼ አንዲት እናት አንስተው አገላበጡት።

«ይሄ ቅብ ነው እንዴ ልጄ?»

«ናስ ነው እማማ።»

«ናስማ እንዲህ አያበራም» ብለው አስቀምጠውት ሄዱ።

በሚቀጥለው ሰኞ ከስንጥሩ ወጥቶ በሰጋቱራ ብቻ የደረቀውን፣ ቆረቆንዳ ውስጥ ያልገባውን፣ ጥርቡ ውስጥ እንደገና ጠቆር እንዲል የተውኩትን ይዤ ወረድኩ። ያቺው እናት ወሰዱት። ዋጋም አስቀነሱኝ፣ አሮጌ ነው ብለው።