የዋሽንግተን ስቴት ምክር ቤት ድረ ገጽ፦ መጥፎ ረቂቅ ሕግ ለመቃወም ምን ያህል ይመቻል?

የዋሽንግተን ስቴት ምክር ቤት ኦሊምፒያ ላይ አንዱን ዓመት 105፣ ቀጣዩን 60 ቀን ብቻ ነው የሚቀመጠው። የማይረባ ረቂቅ ሳይጸድቅ በዚያች ጊዜ ለመድረስ ድረ ገጹ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ሰዓት ላላከበረ ግን አይራራም።

ትልቁ ጥቅሙ ከቤት ሆኖ ኮሚቴ ፊት መቅረብ ማስቻሉ ነው። ረቂቁን በቁጥሩ ፈልጉ (የታችኛው ምክር ቤት ከ1000፣ የሴኔቱ ከ5000 ይጀምራል)፣ ኮሚቴውንና የስብሰባውን ቀን ምረጡ፣ ከዚያ በአካል ወይም በዙም ለመናገር ተመዝገቡ። መናገር የማይፈልግ ሰው ተቃውሞውን ብቻ ማስመዝገብ ይችላል። ምዝገባው ስብሰባው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ይዘጋል፤ ብዙ ሰው የሚያመልጠው እዚህ ላይ ነው። ያመለጠው ሐሳቡን በጽሑፍ ያስገባ፤ ስብሰባው ከተጀመረ በኋላ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ይቀበላሉ።

ሰነዱ ላይ አዲስ የሚጨመረው ቃል ተሰምሮበት፣ የሚወጣው ደግሞ መሃል ለመሃል ተሰርዞ ይታያል። ማጠቃለያው አይበቃም፤ ወደ መጨረሻው ክፍል ውረዱ። እዚያ «የሕዝብን ሰላም፣ ጤና ወይም ደኅንነት ወዲያውኑ ለመጠበቅ አስፈላጊ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ካለ፣ ሕጉ የተለመደውን 90 ቀን ሳይጠብቅ ሥራ ላይ መዋል ይችላል፤ ፊርማ አሰባስቦ ወደ ሕዝበ ውሳኔ መውሰድም አይቻልም። ምንም የሚያስቸኩል ነገር በሌለው ረቂቅ ላይ ይህ ከተገኘ፣ እሱ ራሱ ጠንካራ የመቃወሚያ ነጥብ ነው።

ድረ ገጹ የሚያደናግረው ረቂቁ ሲሻሻል ነው። ቁጥሩ ሳይለወጥ ከፊቱ ፊደል ይጨመርበታል፦ «ኤስ» ኮሚቴው በሌላ ጽሑፍ ተክቶታል ማለት ነው፣ «ኢ» ደግሞ ምክር ቤቱ ራሱ አሻሽሎታል ማለት ነው። የመጀመሪያውን ጽሑፍ ይዞ የመጣ ተቃዋሚ፣ የወጣ አንቀጽ ሲነቅፍ ይገኛል፤ ለመናገር የሚሰጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ሁለት ደቂቃ ነው። የወጪ ግምቱም አንዳንዴ ለስብሰባው አይደርስም፤ ገንዘብ የሚነካ ረቂቅ ሲሆን ይህ ከባድ ጉድለት ነው።

በረቂቁ ገጽ ላይ ያለው የአስተያየት ቁልፍ ደግሞ መልእክቱን የሚወስደው ወደ ምርጫ ክልላችሁ ተወካዮች ነው፤ አንድ ሴናተርና ሁለት የታችኛው ምክር ቤት አባላት። ኮሚቴው መዝገብ ውስጥ አይገባም፤ ለኮሚቴው ለብቻው መመዝገብ ያስፈልጋል።