ጠረጴዛ እየተንኳኳ የሚሸጠውን «የእሳተ ገሞራ ሳይስሞሜትር» እንዳትገዙ

ይህን የምጽፈው የሳይስሞሜትሩን፣ ማለትም የመሬት ንዝረት መለኪያውን፣ ሳጥን ከፍቼ ፊቴ አስቀምጬ ነው። ውስጡ ያለው ጂኦፎን፣ ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል፣ የራሱ ድግግሞሽ 4.5 ኸርዝ (በሰከንድ 4.5 ውዝዋዜ) አይደለም፤ 10 ኸርዝ ነው። ላዩ ላይ የተለጠፈው ነጭ ወረቀት በጥፍር ሲላጥ ከሥሩ የፋብሪካው ጽሑፍ ብቅ አለ። 4.5 የሚለው ወረቀቱ ብቻ ነው። ገንዘቡ ተከፍሏል፤ ሻጩም አልመልስም ብሏል።

የሻጩን ዓይነት ታውቁታላችሁ። ዕቃውን ከየቦታው ለቃቅሞ በግራጫ ፕላስቲክ ሳጥን ይገጣጥማል፤ ከዚያ «ለእሳተ ገሞራ ክትትል የተዘጋጀ፣ 4.5 ኸርዝ፣ 24 ቢት፣ በጂፒኤስ ሰዓት የሚሠራ» ብሎ ያወጣዋል። አሻሻጡም ሁልጊዜ አንድ ነው። ላፕቶፕ ይከፈታል፣ ሳጥኑ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ጠረጴዛው ይንኳኳል።

የእኔውም ሻጭ በጣቱ አንጓ ሦስት ጊዜ አንኳኳ። ሦስት ረጃጅም ምልክቶች መስኮቱን ከታች እስከ ላይ ሞሉት። «አሁን እስከ በሩ ተራመድ» አለኝ። ተራመድኩ፤ እያንዳንዱ እርምጃ ተራ በተራ ወጣ። ከዚያ ቴስተሩን አንስቶ ሁለቱን የጂኦፎን እግሮች ነካና ማሳያውን ወደ እኔ አዞረው፦ 375 ኦም። «የ4.5ቱ ቁጥር ይኸው፣ አንተም ታውቀዋለህ» አለ። አዎ፣ አውቀዋለሁ። የ4.5 ኸርዝ ጂኦፎን ኮይል ብዙውን ጊዜ 375 ኦም ገደማ ነው። ግን የ10 ኸርዙም 375 ኦም ነው! በብዛት በሚገኙት ሞዴሎች ላይ የሁለቱም ትብነት በሰከንድ ለአንድ ሜትር ፍጥነት 28.8 ቮልት ነው፤ የሚንቀሳቀሰው ክብደትም በሁለቱም 11 ግራም ገደማ ነው። የሚለያያቸው ስፕሪንጉ ነው፤ ስፕሪንግ ደግሞ በኦም አይለካም። የሁለቱን የመረጃ ሉህ አንብቤያለሁ። እንዲህ እያወቅኩ ያን ቁጥር አይቼ ራሴን ነቀነቅኩና ከፈልኩ። እስካሁን የሚያቃጥለኝ ይኼ ነው።

ማንኳኳቱ ምንም አያረጋግጥም። ጠረጴዛ ሲመታና ሰው ሲራመድ የሚፈጠረው ንዝረት አብዛኛው ከ10 ኸርዝ በላይ ነው፤ ስልክ ውስጥ ያለው የፍጥነት ለውጥ መለኪያም ያንን ይይዛል። በዚያ ላይ ፕሮግራሙ የግራፉን የከፍታ ልክ ራሱ እንዲያስተካክል ተደርጎ ተከፍቶ ነበር፤ እንዲህ ሲሆን የትኛውም ምልክት፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ መስኮቱን ሞልቶ ይታያል። የግራውን ዘንግ ቁጥር አላየሁም። ሻጩም ጣቱን እዚያ ላይ አላሳረፈም።

የእሳተ ገሞራ ምልክት ከማንኳኳት ጋር አይገናኝም። ቅልጥ አለት በስንጥቅ ውስጥ እየገፋ ሲሄድ ዙሪያውን ያለውን አለት ይሰብራል፤ በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የነበረው ዓይነት ማለት ነው። እንዲህ ያለው ስብራት በቅርብ ሲሆን አነሳሱ ስለታም ነው፣ ጉልበቱም በአብዛኛው ከ5 እስከ 15 ኸርዝ ውስጥ ነው። ይህንን የ10 ኸርዝ ጂኦፎንም ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ፈሳሽና ጋዝ በቱቦና በስንጥቅ ውስጥ ሲናጥ የሚወጣው ረጅም ሞገድ ግን ከ0.5 እስከ 5 ኸርዝ ነው፤ ያለማቋረጥ የሚንቀጠቀጠው ትሬመርም አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 5 ኸርዝ ላይ ነው የሚገኘው። አላስካ ውስጥ ሬዳውት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 14 ቀን 1989 ከመፈንዳቱ በፊት ለ23 ሰዓት ያህል በብዛት እየተከታተሉ የመጡ ረጃጅም ሞገዶች ነበሩት። ኮሎምቢያ ውስጥ ጋሌራስ እ.ኤ.አ. ጥር 14 ቀን 1993 ሲፈነዳ የእሳተ ገሞራው አፍ ላይ የነበሩ 9 ሰዎች ሞተዋል፤ ከዚያ በፊት የታዩት ምልክቶች ቁጥራቸው ጥቂት፣ ቀስ እያሉ የሚከስሙ፣ በግራፍ ላይ ብሎን የሚመስሉ ረጃጅም ሞገዶች ነበሩ። ይህን የማይሰማ መሣሪያ «ለእሳተ ገሞራ» ብሎ መሸጥ ነውር ነው።

ስሌቱን ልስጣችሁ። ጂኦፎን ከራሱ ድግግሞሽ በታች ሲወርድ ምላሹ በካሬ ይቀንሳል። 1 ኸርዝ ላይ የ4.5ቱ ወደ 20ኛ እጅ ይወርዳል፤ የ10ሩ ወደ 100ኛ እጅ። ልዩነቱ አምስት እጥፍ ነው። በ4.5ቱ ላይ ዝቅተኛውን ድግግሞሽ በሰርኪዩት ወይም በፕሮግራም መልሶ ማንሳት የተለመደ ነው፤ እስከ 0.5 ኸርዝ ድረስ የሚያወርዱ አሉ። ሻጩም ይህን ማስተካከያ አብሮ ሰጥቷል፤ ግን ለ4.5 የተሰላውን። ስለዚህ በዝቅተኛው ድግግሞሽ ላይ ከሚነበብ የሞገድ ከፍታ የመንቀጥቀጡን መጠን (ማግኒቲዩድ) ብታሰሉ በ0.7 ያህል ዝቅ ብሎ ይወጣላችኋል። ግራፉ ንጹሕና ደንበኛ ይመስላል፤ ቁጥሩ ግን ውሸት ነው።

ማታለሉ የታወቀው እንዲህ ነው። ሳጥኑ 60 ሳንቲሜትር ጉድጓድ ውስጥ፣ ጂኦፎኑ አለት ላይ በስሚንቶ ተይዞ፣ በውኃ ልክ ቀጥ ብሎ ተተከለ። ትንንሾቹ የቅርብ ስብራቶች አንድ በአንድ ይገቡ ነበር፤ ለዚህም ነው ማንም ያልጠረጠረው። በሦስተኛው ቀን መረጃው ለሕዝብ ክፍት የሆነ አንድ ጣቢያ፣ ከሳጥኑ 6 ኪሎሜትር የሚርቅ፣ ከ1 እስከ 2 ኸርዝ መካከል 40 ሰከንድ የቆየ ሞገድ መዘገበ። ያንኑ ደቂቃ ከሳጥኑ አወጣሁት፤ መስመሩ ጠፍጣፋ ነው። ከ0.7 እስከ 3 ኸርዝ አጣራሁት፤ ጠፍጣፋ ነው። የሞተ መሣሪያ ቢሆን ይሻል ነበር፤ የሞተን መሣሪያ ሰው አይቶ ያነሳዋል። ይህ ግን ግማሹን እየሰማ ግማሹን ዝም ይላል፤ ዝምታውንም ሰው የተራራው ዝምታ አድርጎ ያነበዋል።

ከዚያ በኋላ ነው ሌላው ሁሉ የተገለጠው። «24 ቢት» የተባለውን ጥሬ ፋይል ከፍቼ ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል ደረደርኳቸው፦ ሁሉም የ256 ብዜት ናቸው። ይህ ማለት ከታች ያሉት 8 ቢቶች ባዶ ናቸው፤ የጂኦፎኑን ቮልት ወደ ቁጥር የሚለውጠው መቀየሪያ 16 ቢት ብቻ ነው፣ በፕሮግራም ተባዝቶ 24 እንዲመስል ተደርጓል። ማጉያም የለውም፤ የሚቀበለው ከ2.5 ቮልት ኔጌቲቭ እስከ 2.5 ቮልት ፖዘቲቭ ስለሆነ መቀየሪያው የሚለየው ትንሹ እርከን 76 ማይክሮቮልት ይሆናል። መሬቱ በሰከንድ 1 ማይክሮሜትር ሲንቀሳቀስ ጂኦፎኑ የሚያወጣው 29 ማይክሮቮልት ነው። አንድ እርከን እንኳ አይሞላም! አንድ እርከን ለመሙላት 2.6 ማይክሮሜትር በሰከንድ ያስፈልጋል፤ 1 ኸርዝ ላይ ደግሞ የ10 ኸርዙ ጂኦፎን ድክመት ሲጨመርበት 260 ይደርሳል። ያን ያህል ከተንቀሳቀሰ ሰው በእግሩ ሊሰማው ምን ቀረው?

ጂፒኤሱም አንቴናው አለ፣ መብራቱም ይበራል። በየሰከንዱ ምት የሚሰጠው እግር ግን ከምንም ጋር አልተያያዘም፤ ሰዓቱ የሚወሰደው ጂፒኤሱ ለሰሌዳው ከሚልከው የጽሑፍ መልእክት ብቻ ነው፣ እሱም በመቶዎች ሚሊሰከንድ ሊዋዥቅ ይችላል። ሳተላይት ሲጠፋ ደግሞ ሳጥኑ በራሱ ክሪስታል ይሄዳል፤ ክሪስታሉ ከሚሊዮን በ20 ቢስት በቀን 1.7 ሰከንድ ነው። ለብቻው ላለ ጣቢያ የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ሞገድ የመድረሻ ጊዜ ልዩነት ለመለካት ይህ ብዙ አይጎዳም። ከሌሎች ጣቢያዎች ጋር ቦታ ለማውጣት ግን የአንድ ሰከንድ ስህተት 5 ኪሎሜትር ያህል ያስታል፤ ከእሳተ ገሞራው አፍ ሥር ያለውን ከተራራው ውጭ ያወጣዋል።

ግራፎቹን፣ የፋይሉን ቁጥሮችና የወረቀቱን ፎቶ ላክሁለት። የመጀመሪያው መልስ፦ «መስመሩ ዝም ካለ መሬቱ ስላልተንቀጠቀጠ ነው።» የጎረቤቱን ጣቢያ መዝገብ ጎን ለጎን አድርጌ ደግሜ ላክሁ። ሁለተኛው መልስ፦ «አፈር ውስጥ ተቀብሮ ከነበረ ዋስትና የለውም።» ሳይስሞሜትር ነው የሸጠው! ነፋስና የሙቀት ለውጥ እንዳይረብሸው የሚቀበር ዕቃ ሸጦ፣ ቀበርከው ብሎ ዋስትና ነሳ። ስለ ጂኦፎኑ ስጠይቅ ደግሞ «ባለሙያ ካልሆንክ ሳጥን አትክፈት፣ በ4.5 እና በ10 መካከል ያለው ልዩነት ለጀማሪ አይታይም» አለ። ይህቺን ዐረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አነበብኳት። ያውቃል ማለት ነው። ተሳስቶ የገጠመው አይደለም። 10 ኸርዞቹ ለነዳጅ ፍለጋ በገፍ የሚመረቱ ናቸው፤ ያገለገሉት ከረጃጅም ገመዳቸው እየተቆረጡ በርካሽ ይሸጣሉ፤ የ4.5ቱን ያህል አያስወጡም። ወረቀቱን የለጠፈበት ምክንያት ይኼው ነው።

ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ፊት ይህን አድርጉ። ከጂኦፎኑ ጋር ጎን ለጎን የተያያዘ ውዝዋዜውን ቶሎ የሚያበርድ የማርገቢያ ሬዚስተር ካለ አላቁት። ጂኦፎኑን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፤ 1.5 ቮልት ባትሪን በ100 ኪሎኦም ሬዚስተር በኩል አገናኙት፣ ጥቂት ሰከንድ ቆዩና በድንገት አላቁት። ሲወዛወዝ በሰከንድ 100 ናሙና ቅረጹና በሁለት ተከታታይ ጫፎች መካከል ያለውን ቁጠሩ፦ ከ22 እስከ 27 ናሙና ከሆነ 4.5 ኸርዝ ነው፤ 10 ናሙና ገደማ ከሆነ ተነሥታችሁ ሂዱ። ሬዚስተሩን አታሳንሱ፤ ማጉያ ያለው ሰሌዳ ከሆነ ምልክቱ ጣሪያ ይመታና ምንም አታነቡም። ጥሬ ፋይሉንም ጠይቁና የ256 ብዜት መሆን አለመሆኑን እዩ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

እኔ አሁን ጂኦፎኑን አውጥቼ በትክክለኛ 4.5 እየቀየርኩ ነው፤ ሰሌዳውም ይጣላል። ከዚህ ዕቃ የሚተርፈው ሳጥኑና አንቴናው ብቻ ነው። ከዚሁ ሻጭ ገዝታችሁ ተክላችሁ ከሆነ ደግሞ እስከዛሬ «ትሬመር የለም» ብላችሁ ያስተላለፋችሁትን መዝገብ ዛሬውኑ ሰርዙት።