ከተኩስ በኋላ፦ ቀለህ ወይስ አረር?

ሽጉጥን ከወንጀል ቦታ ጋር ለማገናኘት ቀለህም (ባሩዱን የያዘው የጥይቱ ቅርፊት) አረርም (ከአፈሙዙ ተወርውሮ የሚወጣው የጥይቱ ክፍል) ይጠቅማሉ፤ ለማነጻጸር ግን ብዙ ጊዜ የሚሻለው ቀለህ ነው።

አረር ምልክቱን የሚያገኘው አፈሙዙ ውስጥ ካሉት ጠመዝማዛ ቦዮች ነው። የቦዮቹ ቁጥርና አቅጣጫ ብቻውን ብዙ መሣሪያ ከጥርጣሬ ያወጣል፤ 6 ቦይ ወደ ግራ የታተመበት አረር 5 ቦይ ወደ ቀኝ ከሚዞርበት አፈሙዝ ሊወጣ አይችልም። ችግሩ፣ አጥንት ወይም ግንብ ሲመታ ይጨፈለቅና ደቃቁ ጭረት ይጠፋል።

ቀለህ ይህ አይደርስበትም። መቀጣጠያው ላይ የመምቻው ጉድጓድ፣ ዙሪያውን ቀለሁ የተደገፈበት ብረት ሸካራነት፣ ጠርዙ ላይ የማውጫው ጥፍር ጭረት ይቀራል። ድክመትም አለው፦ ሪቮልቨር (ጥይቱ በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ የሚቀመጥበት ሽጉጥ) ቀለህ አይተፋም፤ የወደቀውንም ተኳሹ ለቅሞ ሊሄድ ይችላል። ደግሞም ቀለህ መሣሪያው መተኮሱን እንጂ ማንን እንደመታ አያሳይም። ይህን የሚያሳየው ከቁስል የወጣ አረር ነው፤ በግድያ ምርመራ ትልቅ ልዩነት ነው።

አነሳሱ ላይ ግን የሚበላሸው አረር ነው። በብረት መቆንጠጫ ከተያዘ አዲስ ጭረት ያወጣል፤ ጫፉ ጎማ የለበሰ ይሁን። ደም የነካው ደርቆ ለብቻው በወረቀት ፖስታ ይታሸግ፤ በላስቲክ ከታፈነ እርጥበቱ ብረቱን ይበላዋል።