ፔንሆልድ ለምትጫወቱ፦ እንጨቱን ከመግዛታችሁ በፊት

የጠረጴዛ ቴኒስ የፔንሆልድ ራኬት ልግዛ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ፍጥነቱስ እንዴት ነው?» ብሎ ነው። እኔ ይህን ጥያቄ መጨረሻ ላይ አደርገዋለሁ። ራኬቱን እንደ እስክርቢቶ ለሚይዝ ሰው ቀድመው መመለስ ያለባቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ። እንጨቱ፣ ማለትም ጎማ ያልተለጠፈበት ራኬት፣ እጃችሁ ላይ እንዴት ይቀመጣል? ባክሃንድ፣ ማለትም ራኬት ከያዘው እጅ በተቃራኒ ጎን የምትመጣውን ኳስ፣ ስትመቱስ በፊተኛው ገጽ ነው ወይስ በጀርባው? ለሁለቱ መልስ ካላችሁ ምርጫው በጣም ይጠብባል።

ከዚህ በታች የምጽፈው ይዣቸው ስለተጫወትኩት አራት ዓይነት እንጨቶች ነው። ፍርዴ አጨዋወቴን የተከተለ ስለሆነ እሱን ላስቀድም። ጠረጴዛው ሥር ተጠግቼ ነው የምጫወተው። ሰርቭ አደርጋለሁ (ኳሷን አስጀምራለሁ)፣ አጭር ኳስ እገፋለሁ፣ ክፍተት ሳገኝ በፎርሃንድ፣ ራኬት በያዘው እጅ በኩል፣ ሉፕ እመታለሁ፤ ሉፕ ኳሷን ወደ ፊት የሚያሽከረክር ምት ነው። በባክሃንድ በኩል በፊተኛው ገጽ ብሎክ አደርጋለሁ፤ የመጣችውን ኳስ ራኬቱን ደግኜ እመልሳለሁ ማለት ነው። ኳሷ ረዘም ብላ ስትመጣ ደግሞ የእጄን አንጓ አዙሬ በጀርባው ገጽ እመታለሁ። እጄ ትንሽ ነው፤ ይሄም ከምታስቡት በላይ ለውጥ ያመጣል።

ለምን ቢባል፣ በተለመደው የመጨበጥ አያያዝ (ሼክሃንድ) እጀታው መዳፍ ውስጥ ስለሚገባ መላው እጅ ሸክሙን ይጋራል። ፔንሆልድ ላይ እጀታው አጭር ነው። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል ገባ ብሎ ያርፋል። እንጨቱን የሚቆጣጠሩት እነዚያ ሁለት ጣቶች ናቸው፤ ሦስቱ ከጀርባ ሆነው ይደግፋሉ። ስለዚህ ክብደቱ በሙሉ ወደ ራኬቱ አናት ያደላል፣ ጫናውም አንጓ ላይ ይወድቃል። ለሼክሃንድ ተጫዋች ምንም የማይመስል አምስት ግራም ለእኛ ልምምዱ ሲረዝም በደንብ ይታወቃል።

ቁጥሩን እንየው። የቻይና ዓይነት ፔንሆልድ እንጨት ብዙውን ጊዜ ከ80 እስከ 90 ግራም ይመዝናል። በልኩ የተቆረጠ ጎማ ከ40 እስከ 50 ግራም ይጨምራል፤ ኳስ ያዝ የሚያደርጉት የቻይና ጎማዎች ወደ ላይኛው ቁጥር ይጠጋሉ። በሁለቱም ገጽ ጎማ የለጠፈ ሰው ሳያስበው 175 ግራም ላይ ይደርሳል። በአንድ ገጽ ብቻ ጎማ ያለው የጃፓን ዓይነት ራኬት ግን 140 ግራም አካባቢ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

በጀርባው ገጽ ለመምታት አንጓ ወደ ውስጥ ታጥፎ በፍጥነት መፈታት አለበት። ራኬቱ ሲከብድ አንጓው ይዘገያል፤ ሲዘገይ ኳሷ ሆድ አካባቢ ትደርስባችኋለች። ስለዚህ በሁለት ገጽ ለሚጫወት ሰው ባዶው እንጨት ከ86 ግራም ባይበልጥ እመርጣለሁ። የኔ 83 ነው። ሻጩን «መዝንልኝ» ማለት ነውር የለውም። አንድ ስም፣ አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ሞዴል ሆነው በመሀላቸው የአምስትና የስድስት ግራም ልዩነት ያላቸው እንጨቶች በብዛት አሉ። እንጨት ነውና።

ክብደቱ ካለፈ ትከሻው ይታይ። ትከሻ የምለው እጀታው ከሰፊው ገጽ ጋር የሚገናኝበትን፣ ሁለቱ ጣቶች የሚያርፉበትን ጠርዝ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ይህ ጠርዝ ብዙ ጊዜ ስል ነው። እንዲሁ ብትጫወቱበት የሌባ ጣታችሁ ሥር ቀልቶ ውሃ ይቋጥራል፣ ቆይቶም መጅ ያወጣል። መፍትሔው ብርጭቆ ወረቀት ነው። እኔ በ240 ቁጥር እጀምርና በ400 አለሰልሳለሁ። ወረቀቱን ክብ እርሳስ ላይ ጠቅልዬ ጠርዙን ከላይ ወደ ታች፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አሻለሁ። ትንሽ አሽቼ እይዘዋለሁ፣ ሰርቭ እንደማደርግ አንጓዬን አወዛውዛለሁ፣ ከዚያ እቀጥላለሁ። አውራ ጣት የሚያርፍበት ጎን ሌባ ጣት ካለበት ያነሰ መታሸት ነው የሚፈልገው። አውራ ጣት ተጋድሞ ይጫናል፤ ሌባ ጣት ግን ታጥፎ ይይዛል፣ ስለዚህ ጎድጎድ ያለ ቦታ ይፈልጋል። እንጨት አንዴ ከተፋቀ አይመለስምና አትቸኩሉ። ለትንሽ እጅ ይህ ሥራ ከእንጨቱ ዋጋ እኩል ዋጋ አለው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ እንጨቶቹ።

አንድ ወጥ ሂኖኪ። ሂኖኪ የጃፓን የጥድ ዘመድ ነው። ከአንድ ግንድ የወጣ፣ ምንም ንብርብር የሌለው፣ ከ9 እስከ 10 ሚሊሜትር የሚወፍር ጠፍጣፋ እንጨት ነው። ቅርጹ ወደ አራት ማዕዘን ያደላል። እጀታው ላይ ሌባ ጣት የሚቆለፍበት ከፍ ያለ ቡሽ አለው። የበተርፍላይ ሳይፕረስ እና የዳርከር ስፒድ 90 በዚህ ዓይነት የታወቁ ናቸው። ብሎክ ስታደርጉበት የሚሰማው ድምፅ ዝቅ ያለና ሙሉ ነው፣ እጅ ላይ ንዝረት አይተውም። በቀስታ ሲነካ ለስላሳ ነው፤ በኃይል ሲመታ ግን ኳሷን ያስወነጭፋታል። ከአራቱ ለብሎክ የሚያክለው አላየሁም።

ደቡብ ኮሪያዊው ሪዩ ሱንግ ሚን እ.ኤ.አ. በ2004 የአቴንስ ኦሎምፒክ ፍጻሜ ቻይናዊውን ዋንግ ሃኦን 4 ለ 2 ያሸነፈው በጃፓን ዓይነት ፔንሆልድ ነው። ያን ጨዋታ ያየ ሰው እግሮቹን አይረሳም። ጀርባው ላይ ጎማ የሌለው ተጫዋች ጠረጴዛውን በሙሉ በፎርሃንድ መሸፈን አለበት። ሂኖኪን ከመግዛታችሁ በፊት መጠየቅ ያለበትም ይሄ ነው። እግራችሁ ይችላል? ጀርባው ላይ ጎማ ለጥፌ ሁለቱንም ላድርግ ካላችሁ አልመክርም። ውፍረቱም ቡሹም አንጓ እንዲያዞር አልተሠሩም። ሌላው ነገር፣ አንድ ወጥ ስለሆነ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ከተመታ በመስመሩ ተከትሎ ሊሰነጠቅ ይችላል። እና ለውድድር ከሆነ ባዶው ገጽ እንዲሁ አይተውም፤ አንዱ ገጽ ጥቁር፣ ሌላው ደማቅ ቀለም እንዲሆንና እንዳያንጸባርቅ ደንቡ ይጠይቃል።

ካርቦን ያለበት። በንብርብሮቹ መሀል ስስ የካርቦን ፋይበር ሽፋን የገባበት እንጨት ነው። ደንቡ ቢያንስ 85 በመቶው ውፍረት የተፈጥሮ እንጨት እንዲሆን ያዛል፤ አንድ የፋይበር ሽፋንም ከጠቅላላው ውፍረት 7.5 በመቶ ወይም 0.35 ሚሊሜትር፣ ከሁለቱ ካነሰው እንዳይበልጥ። ያቺ ስስ ሽፋን የት እንደተቀመጠች ነው ዋናው ነገር። እንደ በተርፍላይ ቪስካሪያ ከላይኛው እንጨት ሥር ስትሆን ኳሷ ገና ስትነካ መልስ ትሰጣለች። ወደ መሀሉ፣ ወደ ልቡ ስትጠጋ ደግሞ ቀስ ያለ ምት ላይ እንደ ተራ እንጨት ትሆናለች፤ ኃይል ሲጨመር ነው ካርቦኑ የሚነቃው።

ለፔንሆልድ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የኛ አያያዝ ትልቁ ጥቅም አጭሩ ጨዋታ ነው። አንጓችን ነፃ ስለሆነ ሰርቭ ላይ፣ መረቡ አጠገብ በሚደረገው መግፋት ላይ ከማንም አናንስም። ላይኛው ሽፋን ሥር ካርቦን ባለው እንጨት ስጫወት ግን አጭር ላደርጋት ያሰብኳት ኳስ ትንሽ ከፍ እያለች ረዘመችብኝ። ተጋጣሚም ይህቺን ኳስ አይምራትም። በሌላ በኩል ከጠረጴዛው ራቅ ብሎ በጀርባ ገጽ ለሚመታ ሰው ካርቦን እውነተኛ እርዳታ ነው። ራሳችሁን እወቁና ወስኑ።

ባለ ሰባት ንብርብር። እዚህ የስቲጋ ክሊፐር ስሙ ይነሳል። ሊዩ ጉዎሊያንግ፣ የ1996 የአትላንታ ኦሎምፒክ ሻምፒዮን፣ በዚህ እንጨት ነው የሚታወቀው። ፎርሃንዱ ላይ አጭር ጥርስ (ትንንሽ ጉብታ) ያለው ጎማ ነበረው፤ ከጀርባው ደግሞ ፊቱ ልሙጥ የሆነ ለስላሳ ጎማ ለጥፎ አንጓ አዙሮ መምታትን ለዓለም ካሳዩት ቀዳሚው ነው። ሰባት ንብርብር ጠንካራና የተረጋጋ ነው። ከባድ ሉፕ ሲመጣ ወደ ኋላ አይገፋም። ጠፍጣፋ ምት ለሚወድ፣ ጥርስ ያለው ጎማ ለሚለጥፍ ሰው ሌላ አታስቡ እለዋለሁ። ችግሩ ክብደቱ ነው፤ ብዙዎቹ 90 ግራም አካባቢ ናቸው። ጥርስ ያለው ጎማ ቀለል ስለሚል ሒሳቡን ያስታርቀዋል። ሁለት ወፍራም ለስላሳ ጎማ ለጥፋችሁበት ግን አንጓችሁ ይማረራል።

ባለ አምስት ንብርብር፣ ሙሉ እንጨት። የኔ ምርጫ ይሄ ነው። በማ ሊን ስም የሚሸጠው የያሳካ ኤክስትራ ኦፌንሲቭ የዚህ ክፍል ጥሩ ምሳሌ ነው። ማ ሊን በ2008 የቤይጂንግ ኦሎምፒክ ፍጻሜ ዋንግ ሃኦን ያሸነፈ ሰው ነው፤ ሰርቩና አጭር ጨዋታው እስከ ዛሬ ይወራል። ባለ አምስት ንብርብር እንጨት ሲመታ ትንሽ ይተጣጠፋል። ያቺ መተጣጠፍ ኳሷን ለአፍታ ትይዛታለች፣ እናንተም ስፒን (ሽክርክሪት) ለመጨመር ጊዜ ታገኛላችሁ። ወደ ታች የሚዞር አጭር ሰርቭ ስመታበት ኳሷ ተጋጣሚዬ ጠረጴዛ ላይ ሁለቴ ትነጥራለች እንጂ ወጥታ አትሄድም። ሉፕ ሲጀመር የእንጨቱ ስሜት እስከ ሌባ ጣቴ ድረስ ይደርሰኛል፤ ጥሩ እንደመታሁ ኳሷ ሳታርፍ አውቃለሁ።

ጉድለትም አለው። ከጠረጴዛው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ከተገፋችሁ ኃይሉ ያልቃል። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የመጣችው የፕላስቲክ ኳስ ደግሞ ከድሮዋ ያነሰ ስፒን ስለምትይዝ፣ ቀሪውን ከወገብና ከእግር ማምጣት የግድ ነው። እኔ በዚህ አልከፋም፤ ወደ ኋላ ባላፈገፍግ ይሻለኛልና። ፈረንሳዊው የፔንሆልድ ተጫዋች ፌሊክስ ሌብሩን በ17 ዓመቱ፣ በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ ነሐስ ሲወስድ ጠረጴዛው ላይ ተጣብቆ ኳሷን ገና ስትነሳ ሲመታ ያያችሁ የምለው ይገባችኋል።

ጎማውን በአጭሩ። ፎርሃንድ ላይ ጠንከር ያለ፣ ኳስ ያዝ የሚያደርግ ጎማ፤ ጀርባው ላይ ለስለስና ቀለል ያለ፣ ከጎማው ሥር ያለው ስፖንጅም ከ1.8 እስከ 1.9 ሚሊሜትር። ጀርባው ላይ 2.1 ሚሊሜትር ለጥፎ «ከበደኝ» የሚል ሰው እንጨቱን ከመቀየሩ በፊት ስፖንጁን ያሳንስ። ስትለጥፉ ደግሞ ጎማውን እስከ እጀታው አትጎትቱት። ጣት የሚያርፍበትን ቦታ ባዶ መተው በደንቡ የተፈቀደ ነው። ያቺ ባዶ ቦታ ጥቂት ግራም ትቀንሳለች፣ ጣትም ጎማ ላይ ሳይሆን እንጨት ላይ ያርፋል።

ሱቅ ስትገቡ እንጨቱን በእጀታው አንጠልጥላችሁ ገጹን በጣት አጥንት አንኳኩት። ቀጭን፣ ጮክ ያለ ድምፅ ግትርና ፈጣን መሆኑን ይናገራል፤ ወፍራም ድምፅ ለስላሳነቱን። ሂኖኪ ከሆነ መስመሮቹን ተመልከቱ። ቀጥ ያሉ፣ ጠባብና እኩል የተራራቁ ይሁኑ፤ የቅርንጫፍ አንጓ ያለበትን እንጨት ተዉት። ከዚያ ዓይናችሁን ወደ ጠርዙ አውርዱና ንብርብሮቹ በደንብ መጣበቃቸውን እዩ። ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ካለ አስቀምጡት።

ቤት ስትደርሱ ወዲያው ጎማ አትለጥፉ። መጀመሪያ ትከሻውን እሹ፤ ከዚያ ገጹ ላይ በጨርቅ ስስ ቫርኒሽ አንዴ ብቻ ቀቡና አንድ ቀን ይድረቅ። ላይኛው ሽፋን ለስላሳ እንጨት ከሆነ፣ ጎማ ለመቀየር ስትልጡ ስንጥር እየያዘ ይነሳል። ስትልጡም ከእጀታው በኩል ጀምራችሁ፣ የእንጨቱን መስመር ተከትላችሁ፣ ጎማውን ዝቅ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት።