ከፋብሪካ ተቀንሳችሁ ለምትመርጡ፦ ብየዳ፣ ኤሌክትሪክ፣ ፍሪጅና ኤሲ፣ ቧንቧ፣ ስፌት ወይስ ባጃጅ? የድሬና የሐረር ንጽጽር

ድሬ ላይ ከፋብሪካ የተቀነሰ ሰው ሁሉ ሚጠይቀው ጥያቄ አንድ አይነት እየሆነ ነው፣ ትንሽ ካሳ እጄ ላይ አለች ባጃጅ ልግባበት ወይስ ሙያ ልማርበት? አሜሪካ ኢትዮጵያን በ2014 ታህሳስ ላይ ከአጎዋ (ያለ ቀረጥ እቃ ወደ አሜሪካ ከመላክ እድል) ካወጣቻት ወዲህ ልብስ ሰፍቶ ወደ ውጪ ሚልክ ፋብሪካ ላይ ተማምኖ መኖር ከባድ ሆኗል፣ ሌላውም ጥሬ እቃ ሲጠፋ ወይ ዶላር ሲጠፋ መጀመሪያ ሚቀንሰው ሺፍት ነው፣ ሺፍት ሲቀነስ ደግሞ ሰው ይቀነሳል። እኔ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ሰርቼ አሁን በግሌ ኤሌክትሪክና ኤሲ ምሰራ ሰው ነኝ፣ ሌሎቹንም ሙያዎች ከሚሰሯቸው ልጆች ጋር ሳይት ላይ አብሬ ስለምውል ምን እንደሚያስወጡና ምን እንደሚያስገቡ በደንብ አውቃለሁ። ሰው በችኮላ ካሳውን እንዳይጨርስ ብዬ ነው ምጽፈው።

መጀመሪያ ብሩን እንየው። ብዙ ሰው የሚገባውን ሳያሰላ ፈርሞ ይወጣል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 መሰረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰና ጡረታ ያልደረሰ ሰራተኛ ድርጅቱ ሲዘጋ ወይ በቅነሳ ሲወጣ ለመጀመሪያው አመት የ30 ቀን ደሞዝ ያገኛል፣ ከዛ በኋላ ላለው ለያንዳንዱ አመት የዛ ሲሶ ይጨመርለታል፣ ይሄ ሁሉ ተደምሮ ከ12 ወር ደሞዝ አይበልጥም። በዛ ላይ የ60 ቀን ደሞዝ ሌላ አለ፣ እሱን ነው ብዙ ሰው ማያውቀው። በቀን 200 ብር ሚታሰብለት 5 አመት የሰራ ልጅ 6,000 እና 8,000 እና 12,000፣ ድምሩ 26,000 ብር ይደርሰዋል ማለት ነው። ያልወጣችሁት የአመት ፈቃድም በብር ይታሰባል፣ ቅነሳ ከሆነ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ አለ፣ ክፍያው ደግሞ በ7 የስራ ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት። ካልከፈሉ አትለማመጡ፣ ከስራ መቋረጥ ጋር የተያያዘ የገንዘብ ጥያቄ 6 ወር ካለፈው በይርጋ ይቀራል፣ ነገ ዛሬ እያሉ ሚያመላልሷችሁ እሱን ቀን እየጠበቁ ሊሆን ይችላል። የስራ ልምድ ወረቀትም ሳትይዙ አትውጡ፣ ምን ክፍል ምን ስራ ስንት አመት ሚለው ተዘርዝሮ ይጻፍ፣ በኋላ ኮሲ (COC፣ የሙያ ብቃት ምዘና) ስትፈተኑና ስራ ስታመለክቱ ይጠቅማል።

እንግዲህ ይቺን ብር ይዘን እናወዳድር።

ብየዳና ኤሌክትሪክ። ብዙ ወጣት መጀመሪያ ሚያስበው ብየዳን ነው ምክንያቱም ቶሎ ይለመዳል፣ ጎበዝ በያጅ ጋር ረዳት ሆኖ የገባ ልጅ በጥቂት ወራት ውስጥ የመስኮት ብረትና ቀላል በር ይበይዳል። ስራም አለ፣ ኮሪደር ልማቱ ድሬም ሐረርም አጥርና በር እያስፈረሰ እያሰራ ነው፣ ሰው ቤት በሰራ ቁጥር ቱቦላሬና ላሜራ ይገዛል። ግን ሁለት ችግር አለው። አንደኛ ማሽኑ፣ ግራይንደሩ፣ ድሪሉ ተደምሮ ያቺን 26,000 አብዛኛውን ይበላታል፣ በዛ ላይ ቦታ ይፈልጋል፣ ቤታችሁ ግቢ ውስጥ ብትበይዱ ጎረቤት ይከሳል። ሁለተኛ ተወዳዳሪው ብዙ ነው፣ ቀላል ስለሆነ ሁሉም ይገባበታል፣ ስለዚህ ዋጋ ሚሰብር አይጠፋም፣ ብረት ሲወደድ ደግሞ ቀብድ የተቀበላችሁበት ስራ በእጃችሁ ላይ ይከስራል። ድሬ ላይ ደግሞ ሙቀቱ አለ፣ ከሰአት በኋላ ላሜራ ላይ ጎንበስ ብሎ መዋል ለሰውነት ከባድ ነው፣ በያጆቹ ንጋት ላይ ጀምረው እስከ 6 ሰአት ዋናውን ስራ ሚጨርሱት ለዛ ነው። መነጽርና ማስክ ግዙ፣ አይን በጨረር ሲመታ ሌሊቱን ሙሉ አሸዋ የገባበት ያህል ያቃጥላል፣ ጋልቫናይዝድ ብረት ስትበይዱ ደግሞ ጭሱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያመጣል፣ ወተት ብትጠጡ ለሳንባችሁ ምንም አያደርግም፣ አየር ሚገባበት ቦታ መስራት ነው ሚያድነው።

ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ለመማር ረዘም ይላል፣ በኔ ግምት ለብቻችሁ ቤት ተቀብላችሁ ለመጨረስ አመት ገደማ ከባለሙያ ጋር መዋል አለባችሁ፣ ግን መሳሪያው ቀላል ነው፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ ቴስተር፣ ጥሩ መልቲሜትር፣ ድሪል፣ መሰላል። ድሬ ታይዋን ወይ አሸዋ ገበያ ዞር ዞር ብላችሁ ከካሳው ትንሹን አውጥታችሁ ትጀምራላችሁ፣ እቃውን ደግሞ ደንበኛው ነው ሚገዛው ስለዚህ ብራችሁ አይታሰርም። ፋብሪካ ጥገና ላይ ከነበራችሁ፣ ኮንታክተርና ሞተር ነክታችሁ ምታውቁ ከሆነ ደግሞ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል። እኔ ከሁሉም እሱን ነው ማስቀድመው። ግን እውቀት ሚጠይቅ ስራ ነው፣ ለምሳሌ የእንጀራ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል፣ በ220 ቮልት ከ16 እስከ 18 አምፔር ማለት ነው፣ ይሄን በተራ ሶኬት መስመር ላይ የሰካ ሰው ብሬከሩ በወጣ ቁጥር ይሰደባል ወይ ገመዱን ያቃጥላል። ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5፣ ለምጣድ 4 ወይ 6 ሚሊ ካሬ ገመድ፣ ይሄን ለይቶ ሚያውቅና ለደንበኛው ማስረዳት ሚችል ልጅ ስራ አያጣም። በዛ ላይ ከ2016 ጀምሮ በነዳጅ ሚሰሩ አውቶሞቢሎች ማስገባት ስለተከለከለ የኤሌክትሪክ መኪናው እየበዛ ነው፣ ግቢ ውስጥ ቻርጀር ማስገባት ዛሬ ሚጠየቅ ስራ ሆኗል።

ፍሪጅና ኤሲ ከቧንቧ ጋር ሲወዳደር ከተማው ነው ሚወስነው። ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለችው፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ገደማ፣ መሃላቸው ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ምናምን ብቻ ቢሆንም ስራው ግን ሌላ ነው። ድሬ ላይ ሚያዝያ ከገባ እስከ መስከረም ኤሲና ፍሪጅ ሰሪ ስልኩ አያርፍም፣ ባንክ፣ ሆቴል፣ ፋርማሲ፣ ስጋ ቤት፣ ቀዝቃዛ ውሃ ምትሸጥ ሱቅ ሳትቀር፣ የመብራቱ መዋዠቅ ራሱ ኮምፕሬሰር ስለሚያቃጥል ስራ ይፈጥራል። ሐረር ላይ ኤሲ ያን ያህል የለም፣ ፍሪጅ አለ። ይሄ ሙያ ከሁሉም ዘግይቶ ሚለመድ ነው፣ መሳሪያውም ውድ ነው፣ ማኒፎልድ ጌጅ (የጋዝ ግፊት መለኪያ)፣ ቫኪዩም ፓምፕ (አየር መምጠጫ)፣ የመዳብ ቱቦ መበየጃ፣ ናይትሮጅን ስትሉ ካሳችሁ ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ጀምራችሁ እየሰራችሁ ቀስ ብላችሁ መጨመር ነው ሚያዋጣው፣ ምክንያቱም ከኤሲ ብልሽት ብዙው የኤሌክትሪክ ነው፣ ካፓሲተር፣ ኮንታክተር፣ ሴንሰር፣ ካርድ። ጋዝ ዝም ብሎ ሚሞላ ሰው ጋር አትማሩ አቦ፣ ሲስተሙ ዝግ ነው፣ ጋዝ አነሰ ማለት ቀዳዳ አለ ማለት ነው፣ ቀዳዳውን ፈልጎ ደፍኖ ቫኪዩም አድርጎ ከዛ ነው ሚሞላው። ቀዳዳውን ትቶ ሞልቶ ሚሄድ ሰው በየክረምቱና በየበጋው ያንኑ ደንበኛ ሲበላ ይኖራል፣ ደንበኛው አንድ ቀን ሲያውቅ ደግሞ ሰፈሩን ሁሉ ይዞበት ይሄዳል። ጋዙን መለየትም ያስፈልጋል፣ የድሮ ኤሲ ላይ ያለው አር 22 በሞንትሪያል ስምምነት መሰረት እኛን በመሰሉ አገሮች በ2030 (በፈረንጅ) ከገበያ ሚወጣ ነው፣ አዳዲስ ፍሪጆች ላይ ያለው አር 600ኤ ደግሞ ተቀጣጣይ ነው፣ አጠገቡ እሳት አይያዝም።

ቧንቧ ደግሞ የሐረር ስራ ነው እላለሁ። የሐረር ውሃ ድሮ ከሐሮማያ ሐይቅ ነበር ሚመጣው፣ ሐይቁ ሲደርቅ ከድሬ በኩል ከጉድጓድ ተገፍቶ ተራራ ወጥቶ ሚመጣ ሆነ፣ ስለዚህ ውሃ በፈረቃ ነው፣ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ሮቶ ይሰቅላል፣ ፓምፕ ይገጥማል፣ ተንሳፋፊው ሲበላሽ ይጠራችኋል። ብርድ ስላለ ቦይለርም አለ። ይሄ አካባቢ ውሃው ኖራ ይበዛበታል፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ሆኖ ሚጋገረውን ሁሉም ያውቀዋል፣ ያው ነገር ቦይለሩን፣ ሻወሩን፣ ቧንቧውን ይደፍናል፣ በየጊዜው ሚጸዳና ሚቀየር ነገር አለ። መሳሪያው የፒፒአር (የፕላስቲክ ቧንቧ) መበየጃ፣ መቁረጫ፣ ሁለት ሶስት ቁልፍ ነው፣ ጎሚቶውንና ቲውን (የቧንቧ ማገናኛዎቹን) ደንበኛው ይገዛል፣ እንደ ኤሌክትሪኩ በትንሽ ብር ይጀመራል፣ ፈጥኖም ይለመዳል። ሰው ቆሻሻ መስመር መንካት ስለሚጠየፍ ብቻ ነው ሚሸሸው፣ የተዘጋ ሽንት ቤት ሚከፍት ሰው ግን ዋጋ ላይ ማንም አይከራከረውም። ፓምፕ ስለሚነካ ትንሽ ኤሌክትሪክ ካላችሁበት ደግሞ ሁለቱን ይዛችሁ ሐረር ላይ መኖር ይቻላል።

ስፌት ላይ ለሴት እህቶቼ በግልጽ ልናገር። ጋርመንት ሁለት አመት የሰራች ልጅ ማሽን ላይ እጇ ፈጣን ነው፣ ግን መስመር ላይ ኮሌታ ብቻ ወይ ኪስ ብቻ ስትሰፋ ነው የኖረችው፣ ለክቶ ቆርጦ ሙሉ ቀሚስ ማውጣት ሌላ ሙያ ነው። ስለዚህ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ቅድ ተማሩ። ሐረር መኪና ግርግር ሄዳችሁ እዩ፣ ደንበኛው ጨርቁን እዛው ገዝቶ እዛው አሰፍቶ ነው ሚሄደው፣ ከነሱ ጎን በረዳትነት መግባት ከየትኛውም ኮርስ በላይ ያስተምራል። መጋረጃና የተማሪ ዩኒፎርም ድሬም አለ፣ ነሐሴና መስከረም ላይ ሌሊት ሳይቀር ይሰፋል፣ ከዛ በኋላ ግን ይቀዘቅዛል፣ በዛን ጊዜ ያገኛችሁትን ለቀዝቃዛው ወራት አስቀምጡ። በእግር ሚሰራው ሲንጀር መብራት ሲጠፋም አይቆምም፣ ለመጀመሪያ እሱ ይሻላል። ግን ሴት ስለሆናችሁ ስፌት ብቻ ነው ሚል ሰው አትስሙ፣ ቤት ውስጥ ሴት ብቻዋን ስትሆን የማታውቀውን ወንድ ማስገባት ሚያስፈራት ደንበኛ ብዙ ናት፣ ኤሌክትሪክና ፍሪጅ ምትሰራ ሴት እንዲህ አይነቷን ደንበኛ ሁሉ ትወስዳለች።

ባጃጅ። በ26,000 ባጃጅ አይገዛም፣ ዋጋው ስንትና ስንት እጥፍ ነው፣ ስለዚህ ገዛሁ ሚለው ሰው እዳ ገዝቷል፣ የእቁብ፣ የዘመድ ወይ የብድር። ድሬ ላይ ባጃጅ እንዴት እንደበዛ ማስረዳት አያስፈልግም፣ የነዳጅ ድጎማው ደግሞ ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየተነሳ ስለሆነ ነዳጁ ወደ ላይ ነው እንጂ ወደ ታች አይልም፣ ጎማና ስፔርም እንደዛው። የሰው ባጃጅ በገቢ መንዳት ለጥቂት ወር ቤት ለማቆየት ክፉ አይደለም፣ ጠዋት ሙያ እየተማራችሁ ማታ ብትነዱ እደግፋለሁ። ካሳን ለቀብድ ማስያዝ ግን አልደግፍም፣ ባጃጁ ሲያረጅ እጃችሁ ላይ ምንም ሙያ አይተርፍም።

ተመልሶ መቀጠርስ ሚል አለ። ሲሚንቶ ፋብሪካውም፣ ነጻ የንግድ ቀጠናውም፣ ባቡሩም የጥገና ሰው ይፈልጋሉ፣ ቅጥር ከሆነ አሰሪው ለጡረታችሁ 11 ከመቶ ይከፍላል እናንተ 7፣ በግል ስትሰሩ ይሄ የለም፣ ልጅ ላለው ሰው ትንሽ ነገር አይደለም። ግን በኦፕሬተርነት ሳይሆን በኤሌክትሪሻንነት ወይ በመካኒክነት ለመግባት ኮሲ ይጠይቃሉ። ድሬ ላይ ኢትዮ ኢጣልያ ፖሊ ቴክኒክ አለ፣ አጫጭር ስልጠናና ሌቭሉን ጠይቁ፣ በልምድ የተማረ ሰውም ለምዘናው መቅረብ ይችላል። ኮሌጅ ብቻ ግን እጅ አያፈታም፣ ረዳትነት ብቻ ደግሞ ለምን እንደሆነ አያስረዳም፣ ከተቻለ ሁለቱንም አጣምሩ።

ሱቅ ደግሞ ወዲያው አትከራዩ። ለኤሌክትሪክ፣ ለቧንቧና ለኤሲ ስልክና ቦርሳ ይበቃል፣ የህንጻ መሳሪያ ሱቆች ጋር ስልካችሁን አስቀምጡ፣ እቃ ሚገዛ ሰው ሁሉ ሰሪ አለ ወይ ብሎ ሚጠይቀው እነሱን ነው። ቦታ የግድ ሚፈልገው ብየዳ ነው፣ እሱም ከሆነ ደቻቱ ወንዝ አሸዋው ዳር ርካሽ ነው ብላችሁ ማሽናችሁን እዛ አታስቀምጡ፣ የ1998ቱ ጎርፍ ሌሊት መጥቶ ያን ሁሉ ሰውና ንብረት ሲወስድ ድሬ ላይ ዝናብ ስለነበረ ብቻ አይደለም፣ ላይ ደጋው ላይ የዘነበው ነው ወርዶ የመጣው፣ ስለዚህ ከወንዙ ራቅ ያለ ቦታ፣ ኪራዩ ትንሽ ቢጨምርም እሱን ያዙ።